ኃላፊ

ሰንጠረዡን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤
አራት ወር ፈጀብኝ።
ስድስት ዓምድ፣ መቶ አርባ ረድፍ፣
ከመንገድ ጠረጋው እስከ መዝጊያው ምዕራፍ፤
የሸንተረሩ አፈር ተገፎ የት እንደሚከመር፣
ዘሩ ሳይሞትበት ስንት ክረምት እንደሚያድር፣
የካምፑ ሽንት ቤት በስንት ወር እንደሚመጠጥ፣
የፍንዳታው ድምፅ በስንት ሰዓት ጸጥ።
ሁሉም ረድፍ ከጎኑ ስም ነበረው፤
ኃላፊ፦ እገሌ። ኃላፊ፦ እገሊት።
አንዱን ብቻ ሳልሞላው
ወጣሁ ወደ ቻክራፓታ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት።

አራት ሺህ ሜትር ላይ ነው መንደሩ፤
ሰው ቃል ይቆጥባል፣ ውድ ነው አየሩ።
በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በተሰቀለ አንሶላ
ሥዕሉን አሳየሁ፦ ጉድጓዱ፣ የዝቃጩ ግድብ፣ ከዚያም በኋላ
አረንጓዴ የተቀባ ኮረብታ፣
ሁለት አልፓካ ሳር ሲግጡ፣ በኮምፒውተር ጸጥታ።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ተነሣ። የውሃ ዳኛ ነው፣
በየነሐሴው መንደሩን ጠርቶ ቦዩን የሚያስጠርገው።
ከፖንቾው ሥር አወጣ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ፤
ዝገት የመሰለ ውሃ፣ ደለሉ ከታች ሲላወስ።
ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤
«ይኼ» አለ፣ «ከላይኛው ጉድጓድ ነው፣ አያቴ በልጅነቱ የቆፈረው።
ብር አወጡበት፤ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ፤
በዐሥረኛው በሩን ዘግተው በመርከብ ተሻገሩ።
ዓሣው እኔ ሳልወለድ ነው ያለቀው።
ውሃው ግን ይፈስሳል። ማንም አልነገረው
መዘጋቱን።

ያንቺስ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲያ?»
አነበብኩለት ረድፉን፦ «አንድ የውሃ ማጣሪያ፤
በሳምንት ሁለት መኪና ኖራ፤
አንድ ዘበኛ፣ አንድ ቧንቧ ሠሪ፣ ሌሊት የሚበራ
መብራት።»
«እስከ መቼ?»

«ለዘላለም» አልኩ።

ሊማ ሆነን ስንጽፈው ቀላል ነበር፤
ቁጥር ነው፣ በወለድ የሚቀመር።
እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን፣ ቃሉ ካፌ ሲወጣ
ሁለት አሮጊቶች አማተቡ፤ መሰላቸው ቄስ የመጣ።

«እኛ» አለ ሽማግሌው፣ «ቦይ ጠራጊዎች ነን፤
ዘንድሮ የኔ ተራ፣ ለከርሞ የአቤላርዶ፤ መዝገብ አለን።
በሁለት መቶኛው ዓመት ያንን ኖራ ማን ይሸከም?
ስሙን ጻፊው።»
ዓምዱን አየሁት። ኃላፊ፦ ምንም።

ኃላፊ!
ምን ዓይነት ቃል ነው፣ ሁለት ፊት ያለው፤
ተሸካሚውም እሱ፣ አላፊውም እሱው።
ኩባንያው ኃላፊ፣
ሚኒስትሩ ኃላፊ፣
እኔ ፈራሚዋ ኃላፊ፣
ወርቁም በአውሮፕላን ኃላፊ።
የማያልፍ ያ ጎምዛዛ ውሃ ብቻ።

ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ፣ ሆዷ ገፍቶ የታየ፣
ሱፍ ትፈትላለች፣ ዐይኗ ከእንዝርቱ ያልተለየ፤
«ስሙ ገና አልወጣለትም» አለች፣
በእንዝርቱ ጫፍ ወደ ሆዷ እያመለከተች።
ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

ሌሊቱን፣ በሦስት ብርድ ልብስ ሥር፣ በጣቶቼ እየተነፈስኩ
ሰንጠረዡን ገለበጥኩ።
ነገር ከሥሩ ነው፣ ውሃ ከጥሩ፤
የመጨረሻው ረድፍ ወጣ ላይ፣ ከኖራው ሆነ መጀመሩ።
የዘላለሙን ወጪ አስቀድሜ ብቀንስ
የአሥራ አራቱ ዓመት ትርፍ ሲያንስ፣ ሲያንስ፣
ዘጠና ሦስተኛው ረድፍ ላይ
አለቀ።

ለዋናው ቢሮ ላክሁት። መልሱ መጣ በማግስቱ፦
«ቅርጹ ተበላሽቷል። እንደ ቀድሞው ይሁን አቀማመጡ።
ባዶዋንም ሙያት።»

ጠርሙሱ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ እንደታሸገ።
ደለሉ ታች ወርዶ ረጋ፤
ካልነኩት የሚጠጣ ውሃ ይመስላል።
ጠዋት ጠዋት፣ እስክሪብቶ ሳላነሣ፣
አንድ ጊዜ እነቀንቀዋለሁ።